የአዛውንቶቹ ፓይ ከፋብሪካ አይምጣ

በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ለአርባ ያህል አዛውንቶች ቁርስ፣ ምሳና እራት ከኛ ማድ ቤት ይወጣል። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ምግባቸው ነው፤ ሼፐርድስ ፓይ ይባላል። ከሥር በሽንኩርት፣ በካሮትና በመረቅ የበሰለ የተፈጨ የበግ ሥጋ ይነጠፋል፤ ላዩን በቅቤና በወተት የተደቆሰ ድንች ያለብሱታል፤ ከዚያ ኦቭን ገብቶ የድንቹ ገጽ ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። በበሬ ሥጋ ሲሠራ ኮቴጅ ፓይ ይሉታል። ፓይ ይባል እንጂ ሊጥ አይነካውም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ምግብ ለአዛውንት የሚቀርብ ከሆነ እዚያው ቤት፣ በሰው እጅ መሠራት አለበት። በረዶ ሆኖ በትሪ ታሽጎ ከፋብሪካ የሚመጣው ከመጦሪያ ቤቶች መውጣት አለበት። ይህን በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በነዚህ ቤቶች ማድ ቤት፣ በአልጋ ዳር፣ በሌሊት ፈረቃ የምንሠራ የአገር ልጆች ብዙ ነን፤ ምን እንደምናበላ ደግሞ ያገባናል።

ከዚህ በፊት በሌላ መጦሪያ ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ፓዩ በጭነት መኪና ይመጣል። የኔ ሥራ ትሪውን ከፍሪዘር አውጥቼ ኦቭን ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ቴርሞሜትር መውጋትና ቁጥሩን መዝገብ ላይ ማስፈር ነበር። ሲቆረጥ ሥጋው ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ይሆናል። ድንቹ ከደረቅ ዱቄት የተበጠበጠ ስለሆነ ላንቃ ላይ ይጣበቃል። ሽንኩርቱ ይታያል እንጂ አልበሰለም። ሳህኖች ተጀምረው እየተተዉ ይመለሱ ነበር። ኃላፊዋ «በዚህ ዕድሜ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል» ትለን ነበር። ሳህን የምሰበስበው ግን እኔ ነበርኩ። እነዚያው ሰዎች እዚያው የተቀቀለ ሾርባ ትኩስ ዳቦ ተጨምሮበት ሲቀርብላቸው ሳህኑን በዳቦው ጠርገው ነበር የሚመልሱት። ፍላጎታቸው አልጠፋም፤ የጠፋው ምግቡ ነበር።

ከወገኖቼ ብዙዎቹ «የፈረንጅ ምግብ ጣዕም የለውም» ሲሉ የቀመሱት ይህንን የትሪ ፓይ ነው። በሥራ ቦታ፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት የበሉትን ይዘው አንድ አገር ሙሉ ምግብ አያውቅም ይላሉ። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። ሼፐርድስ ፓይ በእንግሊዝ ቤት ውስጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

የመጣው ከቁጠባ ነው። አቅም ያለው የእንግሊዝ ቤተሰብ እሁድ እሁድ ትልቅ ሙዳ ሥጋ ይጠብሳል። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበር፤ ሴቶቹ ውሃ ሲያፈሉ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያሰጡ ስለሚውሉ አዲስ ምግብ የሚያበስሉበት ጊዜ የላቸውም። ከእሁዱ የተረፈው ቀዝቃዛ ሥጋ በገበታ ጠርዝ ላይ በሚጠብቅ የእጅ መፍጫ ይፈጫል፣ በተረፈው መረቅ ይርሳል፣ ድንች ይለብሳል፣ ይጋገራል። የኛ እናቶች ከበዓል የተረፈውን ሥጋ ዘልዝለው ቋንጣ ሲያደርጉት የሚያስቡት ሐሳብ ነው፤ ሥጋ ውድ ነው፣ አይጣልም፣ በሁለተኛው ቀንም ክብር አለው።

ኢዛቤላ ቢተን የምትባል እንግሊዛዊት በ1861 ያሳተመችው ወፍራም የቤት አያያዝ መጽሐፍ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። እዚያ ውስጥ ከተረፈ ቀዝቃዛ ሥጋ የሚሠሩትን ምግቦች ከሌሎቹ ለይታ ምልክት አድርጋባቸዋለች። አንደኛው እንዲህ ነው፤ ከጥብስ የቀረ የበግ ሥጋ፣ አንድ ሁለት ሽንኩርት፣ መዓዛ ያለው ቅጠላ ቅጠል፣ ገውዝ፣ አንድ ስኒ መረቅ። ከሥርም ከላይም የተደቆሰ ድንች ይደረግና ግማሽ ሰዓት ያህል ይጋገር ትላለች። ሼፐርድስ ፓይ ብላ አልጠራችውም፤ እኔ ግን ሳነበው ወዲያው አወቅሁት። ያን መጽሐፍ ስታወጣ 25 ዓመቷ ነበር፤ በ28 ዓመቷ ሞተች። ኮቴጅ ፓይ የሚለው ስም ደግሞ ከዚያ 70 ዓመት ቀድሞ፣ በ1791፣ ጄምስ ውድፎርድ በተባሉ የኖርፎክ ገጠር ቄስ የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ድንችን ወደ እኛ አገር እንዳስገባ የሚነገርለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ዘሩን ያመጣው በ1858 ነው፤ ስለዚህ ቄሱ ፓያቸውን ሲበሉ ይህ ድንች ኢትዮጵያ ምድር ገና አልደረሰም ነበር። ዛሬ በየገበያችን ተቆልሎ ስናየው ጥንትም የነበረ ይመስለናል።

አሁን ወደ አዛውንቶቼ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደኝ እዚህ ጋ ነውና። ከነዋሪዎቻችን መካከል ዘጠና የዘለሉ አሉ። በነሱ ልጅነት እንግሊዝ ጦርነት ላይ ነበረች። ሥጋ በማርች 1940 በራሽን ሆነ፤ ለአንድ አዋቂ በሳምንት የሚፈቀደው የ1 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ሥጋ ነበር፣ ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የዚያ ግማሽ። ገደቡ የተነሣው በጁላይ 4 ቀን 1954 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ። በ1934 የተወለደ ሰው ከስድስት ዓመቱ እስከ ሃያ ዓመቱ ሥጋን በኩፖን ነው ያገኘው ማለት ነው። ድንች ግን በጦርነቱ ዘመን አልተገደበም፤ መንግሥት እንዲያውም ብዙ ብሉ ብሎ ይቀሰቅስ ነበር። እፍኝ የማትሞላ ሥጋ በብዙ ድንች ሥር አድርጎ ቤተሰብ ማጥገብ የሚቻለው በዚህ ፓይ ነበር።

አንዲት ነዋሪያችን እናታቸው ፓዩን እንዴት ያካፍሉ እንደነበር ነግረውኛል። ሥጋ የሚበዛበት መሐሉ ከፋብሪካ ለሚመጡት አባት፣ ጠርዝ ላይ የከረረው ድንች ለልጆች። ልጆቹ በከረረው ይጣሉበት ነበር። ዛሬም ሳቀርብላቸው መጀመሪያ የሚሉኝ «ጠርዙን አምጪልኝ» ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሠሩ ሌላ አባት አሉ፤ በመርሳት ሕመም ምክንያት ንግግር ከሞላ ጎደል ትተዋል። የልጆቻቸውን ስም አይጠሩም። ፓዩ ሲቀርብ ግን ብርቱካናማ ወረቀት የተለጠፈበትን የሶስ ጠርሙስ በጣታቸው ያሳዩናል፣ ራሳቸው ያንጠባጥባሉ፣ ራሳቸው በማንኪያ ይበላሉ። በሌላ ቀን የምናጎርሳቸው እኛ ነን። ለዚህ ሰው በዱቄት የተበጠበጠ ድንች ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ ውሳኔውን የሚወስኑት ሁሉ ቢያስቡት እወዳለሁ።

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ። ለእሁድ ጥብስ ከሚያስፈልገው በላይ የበግ ትከሻ አዛለሁ፤ አስቤ አስተርፋለሁ። ትከሻ ስብና ጅማት ስላለው በዝግታ ሲጠበስ ይላላል፤ ጭኑ ግን ሁለተኛ ሲሞቅ ይደርቃል። ለአርባ ሰው አራት ኪሎ ያህል የበሰለ ሥጋና ዘጠኝ ኪሎ ድንች ይበቃኛል። የጥብሱ መጥበሻ ሥር የያዘውን በትኩስ ውሃ አስለቅቄ አስቀምጠዋለሁ፤ የፓዩ ነፍስ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ ሽንኩርት ነው። የአገሬ ሰዎች ከማንም በላይ የሚችሉትም ይህንን ይመስለኛል። እዚህ አብረውኝ የሠሩ አብሳዮች ሽንኩርት አምስት ደቂቃ ዘይት ካየ በቂ ነው ይላሉ። ቁሌት እያየ ያደገ ሰው እንደዚያ አያደርግም። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፌ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ እያማሰልሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ውሃውን ጨርሶ ጣፋጭ እስኪሆንና እስኪወረዛ። ካሮትና ሰለሪ ይከተላሉ፣ ጥቂት የቲማቲም ድልህ፣ ከዚያ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል። ሁለቱን ቅጠሎች እንግሊዞቹ የራሳቸው አድርገው ያዩአቸዋል፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ ጓሮና ከሻያችን አውቃቸዋለሁ። ሥጋው በሻካራው መፍጫ አልፎ ይገባል፣ መረቁ ይጨመራል፣ ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ከዚያ እንዲበርድ መተው አለበት፤ ትኩስ ሥጋ ላይ ድንች ከጫኑ ድንቹ ይሰምጣል።

ለድንቹ ማሪስ ፓይፐር የሚባለውን ዝርያ እወስዳለሁ። ዱቄታማ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ተቀቅሎ ውሃው ከተጠለለ በኋላ ድስቱ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ እንፋሎቱ ይውጣ። ወተቱ ትኩስ መሆን አለበት። ሥጋው ላይ ከለበሰ በኋላ ላዩን በሹካ እተልመዋለሁ፤ ከፍ ያለው ትልም ይከርራል፣ ዝቅ ያለው ለስላሳ ይቀራል።

በርበሬ አልጨምርም። በቤቴ ልጆቼ ሚጥሚጣ ነስንሰው ይበሉታል፣ ደስ ይላቸዋል፣ ይሁንላቸው። መጦሪያ ቤት ውስጥ ግን የማበስለው የሰዎቹን የራሳቸውን ምግብ ነው። እጃችን ሙያ ካለው፣ ሙያችን ሽንኩርቱ ላይ በምንሰጠው ትዕግሥት ይታይ።

አዛውንትን ለመመገብ ይህ ምግብ የተመቸ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው የሙያ ጉዳይ ነው። ነዋሪዎቻችን በየወሩ ይመዘናሉ። ክብደቱ የቀነሰ ሰው ካለ ለማድ ቤት ይነገረናል፣ ምግቡን እናዳብራለን። ትንሽ የሚበላን ሰው ትልቅ ሳህን አስቀርቦ ማስጨነቅ አይጠቅምም፤ ትንሿ ጉርሻ ብዙ እንድትይዝ ማድረግ ነው የሚበጀው። የተደቆሰ ድንች ቅቤ፣ ክሬምና የወተት ዱቄት ሲጨመርበት መጠኑ ሳይጨምር ጉልበት ሰጪነቱ ይጨምራል፣ ጣዕሙም ይሻላል። ይህን ለአንዱ አድርጌ ለሌላው ልተወው እችላለሁ። በፋብሪካ የታሸገ ትሪ ለማን ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም።

የመዋጥ ችግር ያለባቸውም አሉ፤ ከስትሮክ በኋላ፣ ወይም የመርሳት ሕመም ሲጠና። ለነሱ የምግብን ልስላሴ በደረጃ የሚለይ አይዲዲኤስአይ የተባለ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። በአምስተኛው ደረጃ ምግቡ ተፈጭቶ የረጠበ መሆን አለበት፤ ለአዋቂ ቁራጩ ከ4 ሚሊ ሜትር ስፋት አይበልጥም፣ ይህም በሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። የከረረ ጠርዝ ለነዚህ ሰዎች አደጋ ነው፤ ሊያንቃቸው ይችላል። ስለዚህ ለነሱ በትንንሽ ሳህን ለብቻ እሠራለሁ፤ ሥጋው በደቃቁ መፍጫ ሁለት ጊዜ ያልፋል፣ መረቁ ይወፍራል፣ ድንቹ ተሸፍኖ ይሞቃል እንጂ አይከርርም። አራተኛው ደረጃ ላይ ላሉት ሥጋውና ድንቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይልማሉ፣ ከዚያ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረጋል። አንድ ላይ ፈጭቶ ግራጫ ነገር ማቅረብ ይቀላል። እኔ ግን በአንድ ገበታ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ አንድ ምግብ እየበሉ እንደሆነ ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት አሉን፤ ባልየው ከነጠርዙ፣ ሚስቲቱ ያለ ጠርዝ፣ የሁለቱም ሼፐርድስ ፓይ ነው።

ስለ እምነትም ልናገር። በፌብሩዋሪ 2013 የፈረስ ሥጋ በበሬ ስም ሲሸጥ መላው አውሮፓ የታወከበት ጊዜ ነበር። ያኔ ላንካሸር ክፍለ ሀገር ውስጥ ወደ 47 ትምህርት ቤቶች የተላከ ኮቴጅ ፓይ ተመርምሮ የፈረስ ሥጋ ዘር ተገኘበት፤ ከልጆቹ ገበታ ተነሣ። ፈረስ በመብላቱ የታመመ ልጅ አለ አላልኩም። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያበሰሉት፣ የገዙት፣ ለልጆቹ ያቀረቡት ሰዎች አንዳቸውም ምን እያቀረቡ እንደሆነ አላወቁም። ሥጋው ተፈጭቶ፣ በስሎ፣ ድንች ለብሶ ሲመጣ ዓይንም እጅም አይለየውም። ሙሉ ትከሻ ከነአጥንቱ ገዝቶ ራሱ የፈጨ ሰው ግን ምን እንዳቀረበ ሲጠየቅ ይመልሳል።

ከማድ ቤት ስለማይጠፋው ጠርሙስ ደግሞ ጥቂት ቃል። በሌላው የእንግሊዝ ክፍል ፓዩ ላይ ዉስተር ሶስ ያደርጋሉ፤ እሱ ግን ዓሣ አለበት። በዚህ አገር ሕግ ለተመጋቢ መገለጽ ያለባቸው 14 የአለርጂ ምንጮች አሉ፤ አንድ ፓይ ውስጥ ሰለሪው፣ ወተቱ፣ የማወፈሪያው ስንዴና የሶሱ ዓሣ ሲደመሩ አራቱ ይገኛሉ። ሼፊልድ ግን ከ1885 ጀምሮ የራሷ ሶስ አላት፤ ሄንደርሰንስ ሬሊሽ። ዓሣ የለበትም፣ ከእንስሳት የተገኘ ምንም ነገር የለበትም። የብረት ሠራተኛው የሚያመለክቱት ብርቱካናማ ወረቀት የሱ ነው። እኔ በዐቢይ ጾም ለቤቴ በድፍን ምስር፣ ድንቹን በዘይት አድርጌ ስሠራ የምጨምረው እሱኑ ነው፤ በመጦሪያ ቤቱ ሥጋ ለማይበሉት ነዋሪዎችም እንዲሁ። የምስሩን ፓይ እንደ ምትክ የሚያዩት አሉ። በጦርነቱ ዘመን ግን የሳቮይ ሆቴል ዋና አብሳይ ፍራንሲስ ላትሪ በምግብ ሚኒስትሩ በሎርድ ዉልተን ስም የተጠራውን ሥጋ አልባ ፓይ ሠርቷል፤ አንድ ሕዝብ በሱ ክፉ ዘመን አልፏል።

ከኃላፊዎች የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «የተረፈ ሥጋ ለአዛውንት አደገኛ ነው» ይላሉ። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ አዛውንትን የምግብ መመረዝ ሊገድል ይችላል። ግን ደንቡ ራሱ መንገዱን አስቀምጦታል። ጥብሱ ከወጣ በኋላ ተቆራርጦ በሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል፣ ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ፍሪጅ ይገባል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያልቃል፣ ሲሞቅ መሐሉ 75 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አይሞቅም። የእሁድ ምሳ ሰኞ ምሳ ሲሆን ይህ ሁሉ ይሟላል። ሰኞ ከቀረበው ፓይ የተረፈ ካለ ይጣላል፤ እዚህ ላይ ርኅራኄ የለኝም። ይህን ማድረግ የማይችል ማድ ቤት እሁድም ሥጋ መጥበስ የለበትም።

ሁለተኛው መልስ ገንዘብ ነው። ሥጋና ድንቹ ከትሪው አይወደዱም፤ የሚወደደው የሰው ሰዓት ነው። ድንች የሚልጥ ሰው፣ ሽንኩርት ላይ የሚቆም ሰው። በኔ ግምት ከትሪው ይልቅ በእጅ መሥራት ሰኞ ጠዋት የአንድ ረዳት ሦስት ሰዓት ይጨምራል። ወላጆቻቸውን መጦሪያ ቤት ያስገቡ ልጆች ለመጎብኘት ሲመጡ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ አበባው፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ይጠይቃሉ። ማድ ቤቱን ያሳዩን ብለው ድንች የት እንደሚላጥ፣ መፍጫ ማሽን መኖር አለመኖሩን ቢጠይቁ ያ የሦስት ሰዓት ደመወዝ ቶሎ ይገኛል። በየመጦሪያ ቤቱ ማድ ቤት ያላችሁ ወገኖቼም የሚቀጥለው ወር የምግብ ዝርዝር ሲወጣ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ሰኞን ለእኛ ተዉት፣ ትከሻ እዘዙልን፣ አንድ ረዳት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስጡን በሉ።